ድንች የማይገባበት ክፍል

ዘሊካ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ ግማሹን እኔና ባሌ እናጥራለን፣ ግማሹን የሷ ባል አሕመድኑር ያጥራል። የሱ ወገን ዓመት ሙሉ ፈርሶ ይኖራል። ስለዚህ በነሱ ቤት የሆነውን ያየሁት አጮልቄ አይደለም፤ በፈረሰው በኩል በዓይኔ በብረቱ ነው። ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ስሟ ሲነሳ ሰዉ «ያቺ ባዶ ክፍል ቆልፋ ድንቿን ያስበሰበሰችው» ይልና ይስቃል። ይሄን ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚስቁት እኮ ልጆቻቸውን ዓረብ አገር ልከው ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልናገረው፤ ከዚያ በኋላ የሚስቅ ይሳቅ።

ዘሊካ ከመካነ ሰላም በላይ ካለው ደጋ ወደኛ ሰፈር የተዳረች የገበሬ ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሥራ ላይ እልኸኛ። ከሌላው ሰው የምትለይበት ነገር ቢኖር ቃል ከአፏ ከወጣ አለመመለሷ ነው። የታላቁ ልጄ ሠርግ ሲደርስ የውሃ በርሜሏን ላውስሽ ብላኝ ነበር። በዋዜማው የወንድሟ መርዶ መጣ። እያለቀሰች በርሜሉን ራሷ እያንከባለለች አምጥታ፣ «ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው» ብላኝ ነው ወደ ለቅሶው የሄደችው። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባበት ዓመት ጠይባን ወለደች። ከጠይባ በፊት የወለደቻቸው አላደጉላትም፤ ከጠይባ በኋላም ማኅፀኗ ዝም አለ። ልጅቷ ባስነጠሳት ቁጥር ሰፈሩ ይታወካል። ጠይባ ግን ቅብጥብጥ አልነበረችም። ዝምተኛ፣ ፅዱ፣ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አገሩን አንድ ነገር ያዘው፤ ከየቤቱ ሴት ልጅ ትወጣ ጀመር። ደላላው ከደሴ ይመጣል፣ ዕድሜ ይጨምራል፣ ፓስፖርት ያስወጣል። ወፍጮ ቤት እንደሚጠብቅ እህል ለልጆቹ ተራ ይያዝላቸዋል። ዘሊካ እምቢ ብላ ከረመች፤ አሕመድኑር እሺ ብሎ ከረመ። በመጨረሻ ራሷ ጠይባ «ልሂድ» አለች። ላሚቱ ተሸጠችና ልጅቷ ሪያድ ሄደች።

ኋላ ሞባይል ሲመጣ ጠይባ በየዓርቡ ትደውል ነበር። በግቢያቸው ኔትወርክ የሚይዘው ታዲያ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በፈረሰው አጥር ላይ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ዘሊካ አንድ እግሯን በኔ ግቢ፣ አንድ እግሯን በሷ ግቢ አድርጋ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጮሃለች። ካልጮኸች ድምፅዋ ባሕር የሚሻገር አይመስላትም። የስልኩ ድምፅም ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ ብፈልግም ባልፈልግም እሰማለሁ።

«እማ፣ ቤቱን ስትሠሩ ለኔ አንዲት ክፍል ክፈሉልኝ» አለቻት አንድ ዓርብ። «በር ያላት፣ ቁልፍ ያላት።»

«ምን ገዶኝ ልጄ! ቤቱ ያንቺ አይደል እንዴ።»

«ደሞ ዕቃ እንዳታስገቡባት።»

«ምን ዕቃ አለንና?»

«ምንም እማ። ጆንያ እንዳይገባ። ሽንኩርትም፣ ድንችም፣ ምንም። አልጋና ምንጣፍ ብቻ። ቃል ግቢልኝ።»

«ወላሂ አላስገባም። ቃሌ ነው» አለች ዘሊካ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሽንኩርቱ ከየት መጣ ብለን ሁለታችንም ሳቅን። «አየሽ ፍቅርአዲስ፣ ልጄ የከተማ ሰው ሆነች። የሽንኩርት ሽታ ጠላች» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። ልጅዋ ሽታ የምትመርጥ ሰው ለመሆን መብቃቷ አኩርቷታል።

ቤቱ ተሠራ። አሕመድኑር ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ያደረገው ነገር እንዳይቀርበት ሟች ነው። የአባቱን ሣር ቤት አፍርሶ፣ በቦታው ላይ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ባለ ቆርቆሮ ቤት አቆመ። ሣር ቤቱ ጨለማ ነበር፣ ቀዝቃዛ ነበር። ከጓሮ የምትገኘዋ ጥቂት ድንች በአልጋው ሥር ጭድ ላይ ተበትና ከርማ ትበላ ነበር። አዲሱ ቤት ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ያደረ ነገር ሁሉ በብርድ ይደርቃል። ከዚያ ሁሉ ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ትለያለች፤ የጠይባ ክፍል። በስተኋላ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ናት። ግድግዳዋን ዘሊካ በገዛ እጇ ጭቃ ከጭድ እያቦካች ደጋግማ መርጋዋለች። ኮርኒስ ተወጥሮላታል፤ መስኮቷ ትንሽ፣ ባለ እንጨት መዝጊያ ነው። ሙቀት አይገባት፣ ውርጭ አይገባት፣ እርጥበት የላት። ለልጅዋ ብላ ያሳመረቻት ክፍል፣ በክፉ ዕድል፣ ከሰፈሩ ሁሉ ለድንች የምትመች ክፍል ሆና አረፈችው።

ድንቹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገብሱን ዋግ እየመታው ሲያስቸግር፣ አንድ ለአምስት እየተባለ ሰው በተደራጀበት ጊዜ፣ ምርጥ ዘር ድንች ተከፋፈለ። አሕመድኑርም የገብስ ማሳውን አብዛኛውን ድንች ተከለበት። ድንቹ አላሳፈረውም፤ አንድ ግንድ ሲነቀል ስንት ራስ ድንች ይዞ ይወጣ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በጥቅምት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆፍረዋል፤ ያኔ ገበያ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በግንቦት ግን ሰው እንደ መድኃኒት ይፈልገዋል። ዘሩም እስከዚያው መክረም አለበት። እንግዲህ ያን ሁሉ ድንች የት ያስቀምጡት?

አሕመድኑር ከአያት ከቅድመ አያቱ የገብስ ሰው ነው። ማስቀመጥ ማለት ለሱ ጎታ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ምርት አባቱ ገብስ ባኖረበት ጎታ ዘረገፈው፤ አፉን ገጥሞ ዙሪያውን በእበት መረገው። ነቀዝ እንዳይገባበት! «እስከ ግንቦት ነፋስ አይነካውም» ብሎ እጁን ታጥቦ ሶላቱን ሊሰግድ ሄደ። እህል ትንፋሽ ሲነፍጉት ይቆያል፤ ድንች ትንፋሽ ሲነፍጉት ይሞታል። ጥር ሳይጋመስ ከጎታው ሥር ጥቁር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጥቶ፣ የሞተ ውሻ ያለ መስሎኝ ጓሮዬን ስፈትሽ ዋልኩ። ጎታውን ሲከፍቱት ድንች የሚባል ነገር የለም፤ አተላ ነው።

በሁለተኛው ዓመት «መሬት ራሷ ጎተራ ናት» ብሎ ሳይቆፍር ተወው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ሲያስፈልግ እየቆፈሩ መብላት ነው። ይሄን ፍልፈልም ያውቃል። ዘሊካ በየካቲት ዶማዋን ይዛ ስትወርድ መደቡ ከላይ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን ጉድጓድና ግማሽ ግማሽ የተበላ ድንች ብቻ ጠበቃት። በሦስተኛው ዓመት ሳሎኑ ውስጥ በተኑት። በዚያ በሚኮራበት መስታወት የገባው ፀሐይ ድንቹን አረንጓዴ አደረገው። አረንጓዴ ድንች ይመራል። ገበያ ወስደውት ማንም ሳይነካው ተመለሰ። አሕመድኑር «አላህ የሰጠኝን አልደፋም» ብሎ በእልህ በላውና ሆዱን ታሞ ሰነበተ። ሰው ሲጠይቀው ብርድ መታኝ ይላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የጠይባ ክፍል ተቆልፋለች። ቁልፉ ከዘሊካ መቀነት ጫፍ አይለይም። በየሐሙሱ ከፍታ ትጠርጋታለች፣ ብርድ ልብሱን አራግፋ መልሳ ታነጥፈዋለች፣ ትቆልፋታለች።

«አንቺ ሴትዮ!» ይላታል ባሏ። «ባዶ ክፍል ተቆልፎ የሰው ቀለብ የሚበሰብሰው በየትኛው ኪታብ ነው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ልጅቷ ሪያድ ናት! ድንቹን አታየው፣ አታሸተው!»

«እኔ አየዋለሁ» አለችው።

የሰፈሩም ሰው ዝም አላለም። ድንቹ ሲበሰብስ ያየ ሁሉ ስለዚያች ክፍል አስተያየት ነበረው። «ለጅን ነው ያስቀመጠቻት» ተባለ። «ብሩን እዚያ ቀብራው ነው» ተባለ። እኔ በበኩሌ እውነቱን ስናገር ግትርነቷ ያናድደኝ ነበር፤ ግን ደግሞ በዚህ ዘመን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ሲገኝ ዝም ብሎ ማየት ይሻላል እል ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘሊካን ከውስጥ ይበላት ጀመር። ድንቹ በጠፋ ቁጥር የዘር መግዣውን የምትልከው ጠይባ ናት። የክረምቱን ቀለብም የምትልከው ጠይባ ናት። በላከች ቁጥር ደግሞ መምጫዋ ይርቃል። ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ነበር። አንድ ዓርብ፣ «እማ፣ ደክሞኛል። ወገቤን አሞኛል። ከዚህ ወዲያ ካልቸገራችሁ ልምጣ» አለች።

ዘሊካ «አብሽሪ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እዚያው አጥሩ ላይ ተቀመጠች። «ካልቸገራችሁ አለች፤ ሰማሻት?» አለችኝ። «ያረቢ! ልጄን እዚያ ያሰራት እኮ የኔ ቤት ችግር ነው።»

በ2006 ጥቅምት ድንቹ ከዚያ በፊት ሆኖ በማያውቅ ሁኔታ ሰጠ። ግቢው ሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ። ዘሊካ በፈረሰው አጥር በኩል መጥታ ጠራችኝ። ፊቷን ሳይ ሳትተኛ ማደሯ ያስታውቃል።

«ፍቅርአዲስ፣ ይሄ ድንች እስከ ግንቦት ከከረመ ዘሩም ቀለቡም ከቤታችን ነው። ያኔ ነይ እላታለሁ፤ አልቸገረንም እላታለሁ። ቃሌን ልጠብቅ ካልኩ ልጄ እዚያው ትቀራለች። ካፈረስኩት ትመጣለች። አንቺ ብትሆኚ የቱን ታደርጊያለሽ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታችው።

አገባቡን አይቻለሁ። እንደ ባሏ አልዘረገፈችውም። የተቆረጠውን፣ የቆሰለውን፣ እርጥብ አፈር የያዘውን አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች፤ እሱ ቶሎ የሚበላ ነው። ደህናውን በጥላ አናፈሰችው። ከአልጋው ሥር ጭድ ጎዝጉዛ ለዘር የሚሆነውን በተነች፤ የቀረውን በማዳበሪያ አድርጋ፣ አፉን ሳታስር፣ በግድግዳው ዙሪያ አቆመች። አልጋውን ግን አልነካችውም። ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ተወች። መስኮቱን በማለዳ ትከፍተዋለች፣ ፀሐይ ሳይወጣ ትዘጋዋለች። በሩንም መቆለፍ ተወች፤ ድንች ትንፋሽ ይፈልጋላ። ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ድንቹም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ድንች ሆኖ ሰነበተ። ስታገላብጠው ልጣጩ የተወጠረ፣ እንቡጥ ያላወጣ። አሕመድኑር እየገባ እየወጣ ያየው ነበር። «አላልኩሽም?» ይላታል። እሷ ማገላበጧን ትቀጥላለች።

ለጠይባ ልትነግራት ነበር። ዓርብ ሲመጣ አጥሩ ላይ ትወጣለች፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ…» ትላለች፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ሁለተኛው ዓርብም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ዓርብ ስልኩ አልጮኸም።

ሬዲዮው ነው የነገረን። ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን እያፈሰች ነው ተባለ፤ ሰዉ በየመጠለያው ታጉሯል፣ በአውሮፕላን እየተጫነ እየመጣ ነው ተባለ። የጠይባን ወረቀት የያዙት አሠሪዎቿ ናቸው፤ ይታደስ አይታደስ ማን ያውቃል። ኅዳር ሲገባ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ በየቀኑ አንድ ሁለት ጥቁር የለበሱ ልጆች ያወርድ ጀመር። አንዷ ፌስታል ብቻ ይዛ ትወርዳለች፣ አንዷ ያንኑም የላትም። ዘሊካ መናኸሪያውን ቤቷ አደረገችው። ሁሉንም ፊት ታያለች፤ የወረደችውን ሁሉ «ጠይባ አሕመድኑርን አታውቂም?» ትላለች። ሪያድ ሰፈር መሰላት።

ወዲያው ድንቹን ከክፍሉ ላውጣ አለች። አሕመድኑር ተቃወማት። «ኧረ በአላህ! ውጭው ውርጭ ነው፣ አንድ ቀን አያድርም። ትመጣለች የሚል ወሬ ሲደርሰን እናወጣዋለን።» አንድ ቀን እሱ ገበያ ሲወጣ ጠብቃ ሁለት ማዳበሪያ በረንዳው ላይ አወጣች። ሲነጋ ድንቹ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው ተሸብሽቦ ጥቁር ውሃ ለቀቀ። አሕመድኑር ጮኸባት፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ። «ልጅቷ መጥታ ምን ልትበላ ነው? ድንቹን ደፍተን መልሰን ልንልካት ነው?» አላት። እውነቱን ነው፤ እሷም ይሄንኑ ነበር የፈራችው። ከዚያ ወዲህ በሩን እያየች ታልፋለች እንጂ ድንቹን አልነካችውም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ግቢዬ ውስጥ ባቄላ ስፈትግ አንዲት ጥቁር ዓባያ የለበሰች ሴት በፈረሰው አጥር በኩል ገባች። ዞር ብላ ስታየኝ ነው ያወቅኋት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። በአንድ እጇ ፌስታል፣ በትከሻዋ ላይ ስስ ብርድ ልብስ።

«እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ደህና ነዎት?»

ባቄላውን በትኜ አቀፍኳት። ከደሴ በአይሱዙ ተጭና መጥታ መንገድ ዳር ነው የወረደችው። እናቷ መናኸሪያ አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ እሷ እዚህ ነች። ሰው ልኬ ዘሊካን እስካስጠራ ድረስ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ፣ እግርሽን ታጠቢ አልኳት። «መጀመሪያ ክፍሌን ልያት» አለችኝ። ፈገግ አለች፤ ከመጣች ያን ጊዜ ብቻ ነው ፈገግ ያለችው።

«ቆይ እናትሽ ትምጣ።»

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው?»

ቁልፉ በሩ ላይ ነበር። ቀድማኝ ሄደች።

በሩን ስትከፍተው ያ የድንች ሽታ፣ ያ የአፈርና የጆንያ ሽታ ወጣ። ጠይባ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ አልጋው አልሄደችም። በማዳበሪያዎቹ መሀል ጎኗን አዙራ ገባች፤ አንዱን ማዳበሪያ በእግሯ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው፣ ሌላውን በጀርባዋ ደገፈችው፣ ፌስታሉን ራስጌዋ አድርጋ ጉልበቷን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተኛች። አንዲት ድንች እንኳን ሳትነቃነቅ። ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ቦታ እንደምታገኝ ሰው ነበር የገባችው።

ዘሊካ እያለከለከች ደረሰች። «ልጄ! የታለች ልጄ!» ብላ ወደ ክፍሉ ስትገባ ልጅቷን በጆንያ መሀል አየቻት።

«ጠይባዬ፣ አልጋው እኮ አለልሽ! አልጋው አለ፣ አንጥፌዋለሁ!»

«ተይው እማ» አለች ጠይባ ፊቷን ሳትመልስ። «አልጋ አልለመድኩም።»

«እንዴት አልለመድኩም ትያለሽ? እዚያ የት ነበር የምትተኚው?»

ልጅቷ የማዳበሪያውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሽንኩርቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

«ከማድቤታቸው ኋላ ዕቃ ቤት አላቸው» አለች ጠይባ በመጨረሻ። «ድንችና ሽንኩርት፣ የሩዝ ጆንያ የሚቀመጥበት። ሥራ ስጨርስ እዚያ ያስገቡኝና ከውጭ ይቆልፉታል። ስደውልልሽ የማወራሽ ከዚያ ነው። እዚያ ተኝቼ ይቺን ክፍሌን አስባታለሁ። አልጋውን አስባለሁ፣ ምንጣፉን አስባለሁ። ከዚያ ሌላ ምንም የሌለባት።»

ዘሊካ አልጮኸችም፤ እኔ ትጮሃለች ብዬ ነበር። «ቃሌን ያፈረስኩት እንድትመጪ ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወላሂ፣ እንድትመጪ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማ። መጣሁ እኮ።»

ከዚያ ዘሊካ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ አነሳች። ከሷ የሚበልጥ ማዳበሪያ ነው፤ አቅፋ አወጣችና ግቢው መሀል ዘረገፈችው። ሁለተኛውንም። አሕመድኑር ልጁ መጣች መባሉን ሰምቶ እየሮጠ ሲገባ ድንቹ ግቢው ላይ ክምር ሆኖ ነበር። አፉን ከፈተ። «ውርጩ…» አለ። ዘሊካ አየችው፤ እንደዚያ አድርጋ ስታየው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በሩ ላይ ሆኖ ልጁን አየ። ገብቶ አንዱን ማዳበሪያ ተሸከመ። ጠይባ «ኧረ ተዉት፣ ይበላሻል!» እያለች ትለምናቸው ነበር። የሰማት የለም። እኔም ገብቼ ከአልጋው ሥር ያለውን ዘር በቀሚሴ እያፈስኩ አወጣሁ። የቻልነውን ወደ ኔ ቤት አስገባን፤ የኔ ቤት ስንት ይይዛል? የቀረውን በጭድ ሸፈንነው። ሰማዩ ግን ደመና አልነበረበትም፤ ሌሊቱን ውርጭ ጣለ። በማግሥቱ ጭዱን ስንገልጠው የዓመቱ ዘርም የዓመቱ ቀለብም እዚያው ጠቁሮ ተኝቷል። ሰዉ ተሰብስቦ ያየውና የሚስቅበት ይሄ ነው።

ዘሊካ ክፍሏን በሳሙና አጠበች፣ ወለሉን ፈገፈገች፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባች። የምትስቅ የምትመስል ክፍል ሆነች፤ ነጭ፣ ባዶ፣ አልጋና ምንጣፍ ብቻ ያለባት። ጠይባ አልጋው ላይ ጥቂት ሰነበተች። መስኮቱን ከፍታ ባሕር ዛፉን ታያለች። አንድ ጠዋት «እማ፣ አሁን ምንም አይሸትም» ስትላት ሰምቻለሁ። ዘሊካ ያን ቀን ዘፈነች፤ በዚያ በወፍራም ድምፅዋ።

ግንቦት መጣ። መሬቱ ታረሰ፣ የሚተከል ዘር የለም። እኔ ጋ የተረፈው ለአንድ መደብ አልበቃም። ላሚቱ ድሮ ሄዳለች፤ ገብሱን ዋግ በልቶታል። የመንግሥት ሰዎች ተመላሾችን በማኅበር እናደራጃለን ብለው ስም ጽፈው ሄዱ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ማኅበሩም ስሙ ብቻ ቀረ። ሐምሌ ላይ አሕመድኑር በጎረቤት ፊት እህል ሲበደር ጠይባ ከመስኮቷ አየችው። ቤቱን ድንቹ ቢያተርፈው ኖሮ እሷ ባልሄደች ነበር፤ ድንቹ ደግሞ የተደፋው ለሷ ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። በሕጋዊው በኩል መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር በደላላ፣ በስውር፣ ኩዌት ሄደች። የሄደች ቀን አልጋዋን ራሷ አንጥፋ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን እናቷ መቀነት ላይ አሰረችው።

አሁን በዚያ ቤት ድንች አይተከልም። ከገበያ የገዛችውን እንኳን ዘሊካ የዕለቱን ቀቅላ የተረፈውን ለኔ ታቀብላለች። በየሐሙሱ ክፍሉን ትጠርጋለች። በየዓርቡ አጥሩ ላይ ትወጣለች። አሕመድኑር ያን አጥር አሁን ሊያጥረው ይፈልጋል፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

እናት ከልጅዋ ጋር ስትነጋገር ስለ ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ሥራ ትጠይቃለች። ዘሊካ ይሄን ሁሉ ትታለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ድሮው ሳትጮህ፣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

«ክፍልሽ ምን ይሸታል?»

«ምንም እማ» ትላለች ጠይባ። «ምንም አይሸትም።»

ስልኩ ሲዘጋ ዘሊካ ወደኔ ትዞራለች። «ዋሸችኝ እንዴ ፍቅርአዲስ?» ትለኛለች። እኔም ክርስቲያኗ፣ ማተቤን በአንገቴ ይዤ፣ «ወላሂ አልዋሸችሽም» እላታለሁ።